አሮጌው ማይክሮፎን ሳይመረመር አይጣል

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛም በእጃችን ያለውን «አርጅቷል፣ አይሠራም» እያልን ወደ ጥግ ስንገፋ፣ የሌለንን ደግሞ «መቼ ይሆን የሚገዛልን?» እያልን ስንጠብቅ ዓመቱ ያልቃል። ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለብዙዎቻችን ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እሱም በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው የዩኤስቢ ማይክሮፎን ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮፎኑ የመጣው ዛሬ ከሥራ ውጭ ከሆኑት አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር ነበር። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ከገቡ ወዲህ አንድ ሁለት ሰው ሰክቶ ሞከረው፤ ድምፅ አልቀዳ አለ፤ «ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም» ተባለ፤ በቃ። አሁን ደግሞ ከሚወገዱ ዕቃዎች ጋር ሊመዘገብ ነው የሚል ወሬ ይሰማል። በበኩሌ ይኼ ፍርድ የችኮላ ፍርድ ነው እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዛሬ ጥለን ነገ ሌላ ለመግዛት በጀት ከመጠየቃችን በፊት አንድ ጊዜ በሥርዓት ልንመረምረው ይገባል።

ለመሆኑ ማይክሮፎን ለአንደኛ ደረጃ መምህር ምን ያደርግለታል? የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገዱን ከፍቷል። ቋንቋ ማስተማር ደግሞ ማንበብና መጻፍ ብቻ ሳይሆን ማዳመጥና መናገርም ነው። «አዳምጡና መልሱ» የሚል መልመጃ እንሰጣለን፤ የሚደመጠው ግን የታለ? አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ራሱ ቆሞ ያነበዋል። ይኼም ባልከፋ፤ ነገር ግን ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል አፋርኛን ከእናቱ አፍ ሳይሆን አድጎ የተማረው ብዙ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በድምፆቹ ላይ ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ሲ»፣ «ኪው» እና «ኤክስ» የተባሉት ፊደላት በእንግሊዝኛ የለመድነውን ድምፅ አይሰጡም። «ሲ» ትግርኛ ተናጋሪዎች ሐመሩን ሐ ሲያነቡ የምንሰማው የጉሮሮ ድምፅ ነው፤ «ኪው» ደግሞ ዐይኑ ዐ ነው፤ «ኤክስ» ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣ ድ ነው። ቃፋር የሚመስለውና በ«ኪው» የሚጀምረው የሕዝቡ ስም «ቃፋር» ተብሎ የማይነበበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛ ንግግር ሐና ሀ፣ ዐና አ ስለማይለዩ አማርኛ የለመደ ጆሮ እነዚህን ድምፆች በቀላሉ ይስታቸዋል። ስለዚህ አንድ የአፋርኛ ባለቤት የሆነ ሰው ጥርት አድርጎ ያነበበውን ቀድቶ ደጋግሞ ማዳመጥ ለተማሪውም ለመምህሩም ትምህርት ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ተቀብሮ የሚመጣው ትንሽ ማይክሮፎን ደግሞ የሰውየውን ድምፅ ከማራገቢያው ጩኸትና ከክፍሉ ማስተጋባት ጋር ቀላቅሎ ስለሚቀዳው፣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚሁ ለስላሳ የጉሮሮ ድምፆች ናቸው።

ሌላም አለ። እኔ የሰርዶ ልጅ ነኝ። ሰርዶን ከሰመራ ወደ ጂቡቲ ድንበር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከባድ መኪናዎች ሌት ተቀን የሚመላለሱባት ትንሽ ከተማ ናት። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰርዶን አፈራርሷት ነበር። ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጋ ነው። ያየውን የሚናገረው በአፋርኛ ነው። ያ ቃል ተቀድቶ፣ ተጽፎ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል የማዳመጥ ትምህርት ቢሆን ምን ያህል ያማረ ነበር! በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስንት ሰው ቀየውን ለቅቆ እንደወጣ ሁላችንም የሰማነው ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚያድግ ልጅ መሬት ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ ከራሱ ሽማግሌ አፍ ቢሰማ፣ ከመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ ይይዘዋል። አፋር በዳጉ ያደገ ሕዝብ ነው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይለዋወጣል። እንዲህ ለሚደመጥ ቃል ዋጋ ከሚሰጥ ሕዝብ መካከል ተቀምጠን የድምፅ መቅጃችንን ሳንመረምር መጣላችን ያሳፍራል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የበጀት ዓመት እስኪዞር አይጠብቁንም።

እንግዲህ ወደ ማይክሮፎኑ እንመለስ። «አሮጌ ስለሆነ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም» የሚለው አባባል እውነት ነው ወይ? በአብዛኛው አይደለም። ዩኤስቢ የሚባለው የመሰኪያ ሥርዓት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ በኋላ 2.0 የተባለው በ2000፣ 3.0 የተባለው በ2008፣ በሁለቱም በኩል የሚገባው ታይፕ-ሲ መሰኪያ ደግሞ በ2014 ተከታትለው መጡ። ታዲያ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ እንጂ እንዲያባርር አይደለም። ፍጥነት አይበቃው ይሆን የሚል ካለ ደግሞ ሒሳቡን እናስላ። የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ መሣሪያዎች በሰከንድ እስከ 12 ሚሊዮን ቢት ማስተላለፍ ይችሉ ነበር። የአንድ ሰው ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ፣ እያንዳንዱ በ16 ቢት ቢለካ፣ 768,000 ቢት ብቻ ይሆናል። ከ12 ሚሊዮኑ ዐሥራ አምስተኛው እጅ እንኳ አይሞላም።

ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የዩኤስቢ የድምፅ መሣሪያዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ ወጥቷል። በዚህ ደንብ የተሠራ ማይክሮፎን ሲሰካ «እኔ ማይክሮፎን ነኝ፤ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ እለካለሁ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ስም ሲጠራ «አቤት» እንደሚል ተማሪ ማለት ነው። ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ሊኑክስ ለዚህ ደንብ የሚሆነውን ድራይቨር በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ለአብዛኞቹ ማይክሮፎኖች ሲዲ መፈለግም ሆነ ከኢንተርኔት ማውረድ አያስፈልግም። እንዲያውም «ነፃ ድራይቨር» ከሚል ከማይታወቅ ቦታ ማውረድ ቫይረስ ጠርቶ ማስገባት ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ደንቆሮ እንዳልሆነ በሥነ ልቡና ትምህርታችን ተምረናል። ጥያቄው አልገባው ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል፣ ወይም ማንም አልጠየቀውም። ዝም ያለውንም ማይክሮፎን በተራ በተራ መጠየቅ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደውን ቅደም ተከተል እነሆ።

አንደኛ፣ ገመዱ። ብዙ አሮጌ ማይክሮፎኖች በእነሱ በኩል ያለው መሰኪያ አራት ማዕዘን የሆነው፣ ልክ የፕሪንተር ገመድ የሚገባበት ዓይነት ነው። ስለዚህ ገመዱ ከጠፋ ወይም ከተጠረጠረ የፕሪንተሩን ተውሶ መሞከር ይቻላል። ትንሽ አፍ ያላቸው ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ገመድ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ኃይል እንጂ መልእክት አያስተላልፍም። የማይክሮፎኑ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ሰውም «ይኸው መብራቱ በርቷል፣ ገመዱማ ደህና ነው» ብሎ ይታለላል።

ሁለተኛ፣ መሰኪያው። አንዱ መሰኪያ ለብዙ ዕቃ ከሚከፋፈልበት ሀብ ላይ አንቅሎ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት። ማይክሮፎኑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው። ሀብ ላይ ፍላሽ፣ ማውስና ሌላም ሌላም ተደርድሮ ሳለ ኃይል ሊያንሰው ይችላል። አዲሱ ላፕቶፕ ታይፕ-ሲ ብቻ ካለው፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ኦቲጂ እያሉ የሚሸጧት ትንሽ ማገናኛ ትበቃለች። በእኛ አገር አቧራ ደግሞ መሰኪያው ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አይከፋም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው፤ ውኃም ምራቅም አይነካውም።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ አይቶታል ወይ? ዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ከፍቶ ማይክሮፎኑ ሲሰካና ሲነቀል ዝርዝሩ የሚለወጥ መሆኑን ማየት። ከተለወጠ ኮምፒውተሩ ማይክሮፎኑን አይቶታል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የሴቲንግ ጉዳይ ነው።

አራተኛ፣ ፈቃድ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ማይክሮፎን ሲሰካ ማንንም ሳይጠይቁ ይቀዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ግን ዊንዶውስ 10ም ሆነ የማክ ኮምፒውተሮች፣ ሰው ሳያውቅ ድምፁ እንዳይቀዳ ሲባል፣ ለተራ ፕሮግራሞችም ሳይቀር ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈቃዱ ከተከለከለ ማይክሮፎኑ ደህና ሆኖ የሚቀዳው ባዶ ጸጥታ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያም «ማይክሮፎን» የሚለውን ከፍቶ ማብሪያዎቹን ሁሉ፣ በተለይ «ዴስክቶፕ አፕስ» የሚለውን ማብራት ነው። ይኼ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አምስተኛ፣ የትኛው ማይክሮፎን ነው የሚያዳምጠው? ላፕቶፑ የራሱ ማይክሮፎን ስላለው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው እሱኑ ነው። ሰውየው በትልቁ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ ያነባል፤ የሚቀዳው ግን ከርቀት ያለው የላፕቶፑ ማይክሮፎን ነው፤ ከዚያ «ይኼ ማይክሮፎን ድምፁ ደካማ ነው» ይባላል። በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢውን መምረጥ ያስፈልጋል። የመቅጃው ፕሮግራምም የራሱ ምርጫ አለው። ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ብንወስድ፣ ማይክሮፎኑ የተሰካው ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ዘግቶ መክፈት ወይም መሣሪያዎቹን እንደገና እንዲፈልግ ማዘዝ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ የአለካክ ፍጥነቱ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 48,000፣ ማይክሮፎኑ ደግሞ 44,100 ላይ ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ አይግባቡም። አሮጌ ማይክሮፎን ላይ 16 ቢት፣ 44,100 ወይም 48,000 አድርጎ ሁለቱንም መሞከር ነው። ማይክሮፎኑ ላይ ራሱ የድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ ካለም እሷን መርሳት አይገባም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ማይክሮፎኑን ወስዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት። እዚያ ከሠራ የታመመው ኮምፒውተሩ እንጂ ማይክሮፎኑ አይደለም። ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ላይ በሁለት ገመድ ተሞክሮ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ «ሞቷል» ብንል ፍርዳችን ፍርድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሁሉም አሮጌ መሣሪያ ይድናል አልልም። ከጋራው ደንብ ውጭ የተሠሩ፣ የፋብሪካቸው ልዩ ድራይቨር ካልተገኘ የማይንቀሳቀሱ አሉ። ያ ድራይቨር ለ32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና በ64 ቢት ብቻ የሚሠራው ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። እንዲህ ዓይነቱ ሲያጋጥም አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነጥሎ ለመቅጃ ብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ይኼም ካልሆነ መሣሪያውን ማሰናበት ነው። እኔ የምቃወመው ሳይመረመር መሰናበቱን ነው።

«ስልክ እያለ ምን አድካሚ ነገር ነው?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ስልክ አልንቅም። ሽማግሌው ከፍየሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ከሆነ በስልክ መቅዳት ነው፤ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ነገር ግን ስልክ የግል ንብረት ነው። ባለቤቱ ተመርቆ ሲሄድ ድምፁም አብሮት ይሄዳል፤ ስልኩ ሲሞላ ይጠፋል፤ ሲጠራም ቀረጻው ይቋረጣል። ተቀምጦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ተደጋግሞ ተነቦ ለትምህርት የሚሆን ነገር ሲቀዳ ግን የጋራ ማይክሮፎንና የጋራ ኮምፒውተር ይሻላል፤ የተቀዳውም በተቋሙ ይቀራል።

«እኛ መምህራን እንጂ ቴክኒሻን አይደለንም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የምመልሰው አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ነገ የምንመደብበት ገጠር ትምህርት ቤት ቴክኒሻን ማን ሊሆን ነው? ከከተማ እስኪመጣ ሰሚስተሩ ያልቃል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ከካርቶን፣ ከቆርኪና ከጣሳ የትምህርት መርጃ እየሠሩ ነው ያስተማሩን። ያኔ «እኛ አናጢ አይደለንም» ያለ መምህር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ እንደነበረ እናስታውሳለን። እንደዚያ ያለ ጊዜ ደግሞ ቢመጣ ድምፁን ቀድቶ የሚያዘጋጅ መምህር በየአካባቢው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለተቋማችን አስተዳደርና ለመምህራኖቻችን በአክብሮት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከመወገዱ በፊት ከላይ የጠቀስኩትን ዓይነት ምርመራ ይለፍ፤ ማን መቼ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሞከረው በአንዲት ወረቀት ተጽፎ ዕቃው ላይ ይለጠፍ። የአይሲቲ መምህራኖቻችን ከእያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሁለት ሠልጣኝ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ይስጡን፤ እነዚያ ለቀሩት ያስተምራሉ። ከሚመጣው ፕራክቲከም ጀምሮ ደግሞ ሰርዶም ሆነ ሌላ ቦታ የምንወጣ ሠልጣኞች ቢያንስ አንዳንድ የአፋርኛ የማዳመጥ ትምህርት ቀድተን እንድንመለስ ይደረግ። የሚናገረው ሰው አስቀድሞ ተጠይቆ ይፍቀድ፤ ስሙ እንዲነገር ካልፈለገ አይነገር፤ ከተቀዳውም አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይድረስ።

ለሚቀዱም ትንሽ ምክር ልጨምር። ማራገቢያ ካልጠፋ ጥርት ያለ ድምፅ የለም፤ በእኛ ሙቀት ቀትር ላይ ማራገቢያ ማጥፋት ደግሞ የማይቻል ነው። ስለሆነም ጎህ ሲቀድ መቅዳት ይበጃል። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ማስደገፍ ይረዳል። ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ክፍል መምረጥም ነው፤ አለበለዚያ ከሽማግሌው ይልቅ ተሳቢው መኪና ነው የሚቀዳው። ማይክሮፎኑን ፀሐይ ላይ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መተውም አይገባም።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ማይክሮፎኑ እስከ አሁን ከመደርደሪያው አልወረደም፤ የምርመራውም ሥራ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይወስድም። የሚረዳኝ ካለ በትርፍ ጊዜው በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል በር ላይ እንገናኝ፤ የሚቃወመኝም ካለ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ዕጩ መምህር